ደብዳቤ ዕድር አይሆንም፦ ስለ ዊትማን ቤተሰብ ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን፣ በአሜሪካ የምዕራብ ጠረፍ ይኖር የነበረው የማርከስና የናርሲሳ ዊትማን ቤተሰብ ሐዘንንና ሕመምን በደብዳቤ እንዴት እንደ ተቋቋመ የሚያትት አንድ የአማርኛ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው ይህን ርእስ መምረጣቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ስለነዚህ ሰዎች በቋንቋችን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነውና። ነገር ግን የጽሑፉ ዐበይት ሐሳቦች ናርሲሳ ራሷ በደብዳቤዎቿ ከምትመሰክረው ጋር ስለማይስማሙ፣ አንባቢም በዚያው ተሳስቶ እንዳይቀር ስለምሰጋ፣ ነጥብ በነጥብ ምላሽ መስጠት ግድ ሆኖብኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጽሑፉ በአጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ ደብዳቤ ለዚያ ቤተሰብ እንደ እኛ ዕድር ሆኖ ሐዘንን ያካፍል ነበር፤ በዘመኑ የሕፃናት ሞት የተለመደ ስለነበር ወላጆች በሃይማኖት ቃል ተጽናንተው ፈጥነው ይረሱ ነበር፤ ቤተሰቡ ሰው በሌለበት ምድር ብቻውን ቆሞ መከራውን ቻለ፤ ናርሲሳ ሕመሟን በዝምታ ተሸከመች፤ በመጨረሻም በ1847 የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የካዩስ ሰዎች አንዳች ምልክት ሳያሳዩ ተነሥተው መልካም ያደረጉላቸውን ሰዎች ገደሉ። ከእነዚህ አምስት ነጥቦች አንዱንም እንዳለ ልቀበለው አልቻልሁም።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ መነሻውን ላስቀድም። ናርሲሳ ፕሬንቲስ በ1808 በኒው ዮርክ ግዛት ተወለደች። በፌብሩዋሪ 1836 ሐኪሙን ማርከስ ዊትማንን አግብታ፣ መቀመጫውን በቦስተን ባደረገ የሚሲዮን ቦርድ ተልካ፣ ሚሲዮናውያን ከነበሩት ባልና ሚስት ከሄንሪና ከኤላይዛ ስፖልዲንግ ጋር አህጉሩን አቋርጣ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር መጀመሪያ በኦሪገን ምድር ወዳለው ዋላ ዋላ ደረሰች። ዊትማኖች ጣቢያቸውን ዋይላትፑ በሚባለው የካዩስ ሕዝብ ምድር ላይ ሲመሠርቱ፣ ስፖልዲንጎች ወደ ኔዝ ፐርስ ሕዝብ፣ ወደ ላፕዋይ ሄዱ። ጽሑፉ አካባቢውን ከመጀመሪያው ጀምሮ «የአሜሪካ ግዛት» ይለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። እስከ 1846ቱ ውል ድረስ የኦሪገን ምድር ለብሪታንያና ለአሜሪካ በጋራ ክፍት የነበረ አገር ነው፤ መጋዘኑም፣ ምሽጉም፣ ጀልባውም የብሪታንያው የሃድሰንስ ቤይ ኩባንያ ነበር። እርማቱ ትንሽ ቢመስልም ለደብዳቤው ጉዳይ መሠረት ነው፤ አንዲት አሜሪካዊት ለእናቷ የጻፈችው ወረቀት እንዲደርስ የሌላ መንግሥት ነጋዴዎችን ፈቃድና የጉዞ ወቅት መጠበቅ ነበረበት።

ከዚህ ተነሥቼ ወደ ዋናው ነጥብ፣ ደብዳቤ እንደ ዕድር ነበር ወደሚለው ልለፍ። ከዋይላትፑ ወደ ኒው ዮርክ ደብዳቤ የሚልክ ሰው ሦስት መንገዶች ነበሩት። አንደኛው በየዓመቱ በጸደይ ከኩባንያው ዋና ምሽግ ከፎርት ቫንኩቨር ተነሥቶ የኮሎምቢያን ወንዝ ሽቅብ እየቀዘፈ፣ ተራራውን ተሻግሮ ካናዳን የሚያቋርጠው የኩባንያው መልእክተኛ ቡድን ነው። ሁለተኛው በሃዋይ ደሴቶች በኩል አድርጎ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ኬፕ ሆርንን የሚዞረው መርከብ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለስ መንገደኛ ሲገኝ በእርሱ እጅ መላክ ነው። በየትኛውም ቢላክ የአንድ ደብዳቤ ጉዞ ብዙ ወራትን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ መልሱም ያንኑ ያህል። ጥያቄና መልስ የሚገናኙት ሁለት ዓመት ገደማ ቆይተው ነው ማለት ነው።

ይህን የጊዜ ርቀት ከሕፃኗ ዕድሜ ጋር ማስተያየት ይገባል፤ ጽሑፉ ይህን ባለማድረጉ ነው መንገዱን የሳተው። የዊትማኖች አንድያ ልጅ አሊስ ክላሪሳ ማርች 14 ቀን 1837 ተወለደች፤ ጁን 23 ቀን 1839 በቤታቸው አጠገብ በሚያልፈው ወንዝ ሰጥማ ሞተች። በምድር ላይ የቆየችው ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ነው። እንግዲህ የልደቷ ዜና ለአያቶቿ ደርሶ፣ የአያቶቿ ደስታ ተጽፎ ወደ ዋይላትፑ እስኪመለስ ድረስ የልጅቷ ዕድሜ በሙሉ ለማለት ይቻላል አልቆ ነበር። የመርዶውም ነገር እንዲሁ ነው። ናርሲሳ ስለ ልጇ ሞት ለአባቷ የጻፈችው ደብዳቤ በሴፕቴምበር 1839 መጨረሻ የተጻፈ ሲሆን፣ ከወላጆቿ የሚመጣ አንድ የማጽናኛ ቃል ምንም ቢፈጥን ከዓመት በላይ ቆይቶ የሚደርስ ነበር። በዚህ መካከል ያለውን ጊዜ ሁሉ አያቶች ልጅቷ አለች ብለው ሲጸልዩላት፣ እናት ደግሞ እነርሱ እንደማያውቁ እያወቀች ኖራለች። በሌላ አገር ሆኖ የቤተሰብ ሞት ዘግይቶ የተነገረው ሰው ይህ ምን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል።

ዕድርተኛ ለቅሶ ቤት የሚደርሰው በዕለቱ ነው። ድንኳን ይተክላል፣ አስከሬን ይሸኛል፣ እስከ ሠልስት አብሮ ያመሻል፣ ሐዘንተኛው እህል አልቀምስ ያለ እንደሆነ አጠገቡ ተቀምጦ ያጎርሰዋል። ደብዳቤ ከእነዚህ አንዱንም ሊያደርግ አይችልም፤ የዋይላትፑ ደብዳቤ ደግሞ ጨርሶ አላደረገም። ጸሐፊው ንጽጽሩን ያመጡት ለአማርኛ አንባቢ ነገሩን ለማቅረብ በበጎ አስበው እንደሆነ እረዳለሁ። ንጽጽሩ ግን የሚያቀርበውን ያህል ያርቃል፤ በዚያ ቤት የጎደለው ዋና ነገር ምን እንደነበረ ይሸፍናልና።

ታዲያ ደብዳቤው ምን ሠራ? እኔ እንደማነበው ሥራው ሌላ ነበር። ናርሲሳ የዚያን እሑድ ውሎ ከጠዋት እስከ ማታ በቅደም ተከተል ስትጽፍ፣ የልጅቷን ንግግርና ጠባይ፣ የምትወደውን መዝሙር ስትዘረዝር፣ አያቶቿ ዓይናቸው አይቷት የማያውቀውን ልጅ ታሳያቸዋለች። ሕፃኗ ወደ ፕሬንቲስ ቤተሰብ በሙሉ አካሏ የገባችው ከሞተች በኋላ፣ በዚያ ወረቀት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የጸሐፊዋን ሐዘን አቅልሎላታል ለማለት ግን ማስረጃ የለንም። እንዲያውም ናርሲሳ በየዓመቱ ስለምን አትጽፉልኝም፣ ስለምን ዝም አላችሁ እያለች ትማጸናለች። ከዚህም ጋር መዘንጋት የሌለበት፣ ዛሬ የምናነበው እርሷ የላከችውን ነው፤ የተቀበሉት ሰዎች ጠብቀው ስላቆዩት የኦሪገን አቅኚዎች ማኅበር በ1890ዎቹ መጀመሪያ አሳተመው። ለእርሷ የተጻፈው በአብዛኛው እጃችን ላይ የለም። የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ የሚሰማበትን ጭውውት ይዞ ተጽናንታለች ብሎ መደምደም አይቻልም።

ሁለተኛው ነጥብ ያሳዘነኝ ነው። ጸሐፊው ሕፃናት በብዛት ይሞቱ በነበረበት ዘመን ወላጆች ልባቸውን አስቀድመው ያዘጋጁ ነበር፣ ደብዳቤዎቹም በእግዚአብሔር ፈቃድ፣ በትንሣኤ ተስፋና በመሳሰለው ቃል መሞላታቸው ይህን ያረጋግጣል ይላሉ። መከራ መደጋገሙ መከራውን ያቀለዋል የሚለው ሐሳብ ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ ከናርሲሳ ደብዳቤ ግን አልመጣም።

ደብዳቤው ምን እንደሚል እንመልከት። ቀኑ እሑድ ነበር፤ አባትና እናት እያነበቡ ነበር። ልጅቷ እራት ሊደርስ ነው፣ ውኃ ላምጣ ብላ ከገበታው ላይ ሁለት ኩባያዎች አንሥታ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ልጅቷ ስትጠፋ ፍለጋ ተጀመረ፤ በወንዙ ላይ ሁለት ኩባያዎች መታየታቸው ተነገረ። አባትና እናት ወደ ወንዙ ሮጡ። አንድ የካዩስ ሽማግሌ ውኃው ውስጥ ጠልቆ ገላዋን አወጣው። ሐኪሙ አባት ነፍሷን ለመመለስ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ፤ አልሆነም። ከወራት በኋላ የኩባያዎቹን ቁጥር ጭምር የምታስታውስ፣ እያንዳንዱን ደቂቃ ዐሥር ጊዜ የመረመረች እናት ሐዘኗ ቀላል ነበር ሊባል ነው?

ቀብሩ የተፈጸመው በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ነው። ናርሲሳ ለቤተሰቧ እንደ ገለጸችው፣ መልኳ ሳይለወጥ በቆየባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጇን ከዓይኗ ማራቅ አልቻለችም፤ እየዳሰሰቻት ሰነበተች። ገላዋ እንደ ሰም መቅለጥ፣ ፊቷም መለወጥ ሲጀምር ብቻ ነው ወደ መቃብር እንድትሄድ የፈቀደችው። መቃብሩ ከደጃፍ ሲወጡ የሚታይ ነበር፤ እርሷ ግን ሐሳቤ ወደዚያ አይሄድም፣ ወደ ላይ ነው የምመለከተው ብላ ጽፋለች። ጸሐፊው ከዚህ ሁሉ መካከል የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ብቻ መዝዘው ስለ መጽናናቷ ማስረጃ አደረጓት። ከዚያ አስቀድሞ ያሉትን አራት ቀናት ግን ተዉአቸው።

የሃይማኖቱን ቃል በተመለከተ፣ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሁሉ ሱነማዪቱን ሴት ያውቃታል። ልጇን በአልጋ ላይ ሬሳውን አስተኝታ ወደ ኤልሳዕ ስትገሰግስ፣ ልጅሽ ደኅና ነውን ተብላ ብትጠየቅ ደኅና ነው አለች፤ ከዚያም በእግሩ ላይ ወደቀች፤ ነቢዩም ነፍሷ እጅግ አዝናለችና ተዉአት አለ። በእምነት መናገርና በሐዘን መሰበር በአንዲት ሴት፣ በአንድ ሰዓት፣ አብረው ይሆናሉ። በተጨማሪም እነዚያ ደብዳቤዎች ለእናት ብቻ የተጻፉ አልነበሩም፤ ከሚሲዮን ጣቢያ የመጣ ደብዳቤ በቤተሰብ መካከል ጮክ ተብሎ መነበቡ፣ ለጎረቤትና ለምእመናንም መዳረሱ በዘመኑ የተለመደ ነበር። ናርሲሳ ስትጽፍ ማን እንደሚሰማት ታውቃለች። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ መካከል የአስከሬኑን መለወጥ መጻፏ፣ ከጥንቃቄው በላይ የሆነ ሐዘን እንደነበራት ነው የሚነግረኝ።

ሦስተኛው፣ «ሰው በሌለበት ምድር ብቻውን የቆመ ቤተሰብ» የሚለው ሐረግ ነው። ይህ ከአሮጌ የአሜሪካ የጠረፍ ትረካ ሳይመረመር የተወሰደ ይመስለኛል፤ ዋይላትፑን ግን በፍጹም አይገልጽም። ዋይላትፑ የካዩስ ሕዝብ ምድር ነበር። አሊስ በተወለደች ሰሞን ሊያያት የመጣው አለቃ ቲሎካይክት፣ በካዩስ ምድር ስለ ተወለደች የካዩስ ልጅ ናት እንዳለ የጻፈችልን ናርሲሳ ራሷ ናት። ልጅቷ ከአፍ መፍቻዋ ከእንግሊዝኛ ጎን የአካባቢውን የኔዝ ፐርስ ቋንቋ ትናገር ነበር። ከወንዙ ያወጣትም፣ ቀደም ብዬ እንዳልሁት፣ የዚያው ሕዝብ ሰው ነው። ባዶ ምድር ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ከነገላዋ ጠፍታ በቀረች።

ሌሎችም ነበሩ። የቀብሩን ሥነ ሥርዓት የመሩት ስፖልዲንጎች ከላፕዋይ መምጣት ነበረባቸው፤ ያ መንገድ ከመቶ ዘጠና ኪሎ ሜትር አያንስም፤ ቀብሩም እስከ ሐሙስ ከቆየባቸው ምክንያቶች አንዱ የእነርሱ መምጣት ነው። ከጣቢያው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በፎርት ዋላ ዋላ የኩባንያው ሰዎች ነበሩ። በቤቱ ውስጥ ደግሞ ከሃዋይ የመጡት ጆሴፍ እና ማሪያ ማኪ የሚባሉ ባልና ሚስት ከ1838 ጀምሮ ያገለግሉ ነበር። ጆሴፍ ማኪ በ1840 እዚያው ዋይላትፑ ሞቶ ተቀበረ። ስለ ሐዘን በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ፣ ከአሊስ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ በዚያው ቅጥር ግቢ ባሏን የቀበረች ሴት ስሟ እንኳ አለመነሣቱ ከበድ ያለ ጉድለት ነው።

ዕድሩን ፈልገን እንደሆነ፣ የሚገኘው እዚህ ነው፤ በሥጋ በቀረቡት መካከል። ሬሳ ያወጣው፣ መንገድ ተጉዞ የመጣው፣ በቤቱ ውኃ የቀዳው ነው ለቅሶ የደረሰው። ይህን ስል ግንኙነቱ ፍጹም ፍቅር ነበር ማለቴ አይደለም። ናርሲሳ በኋለኞቹ ደብዳቤዎቿ ካዩሶች ቤቷን እንዳያቆሽሹባት ስትማረር፣ በአዲሱ ቤት እንዳሻቸው እንዳይገቡ ስትከለክል እናያታለን። ልጇን የካዩስ ልጅ ካሏት ሰዎች ጋር የነበራት መቀራረብ ልጅቷ ከሞተች በኋላ እየደከመ ሄደ። ይህንን ደብዳቤዎቹ በግልጽ አይናገሩትም፤ በተከታታይ ሲነበቡ ግን ይታያል። ይህ ለእኔ ከመላው ታሪክ እጅግ የሚያሳዝነው ክፍል ነው።

ሕመሟን በዝምታ ተሸከመች የሚለውን አራተኛ ነጥብ በአጭሩ ልለፈው፤ የሚመልሰው ደብዳቤው ራሱ ነውና። ናርሲሳ ስለ ዓይኗ መድከም፣ ስለ መነጽሯ፣ ስለ ጉልበቷ ማለቅ በተደጋጋሚ ጽፋለች። በኦክቶበር 1842 ባሏ፣ ቦርዱ ጣቢያውን ለመዝጋት የወሰነውን ውሳኔ ለማስለወጥ ወደ ምሥራቅ በፈረስ ሲሄድ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በሌሊት አንድ ሰው ወደ መኝታ ቤቷ ሊገባ ሞከረ፤ ከዚያም ጣቢያውን ትታ ክረምቱን ደ ዳልስ በሚባለው የሜቶዲስት ሚሲዮን አሳለፈች። በ1843 ወደ ፎርት ቫንኩቨር ወርዳ የኩባንያው ሐኪም ፎርብስ ባርክሌይ አከማት። በዚህ ጊዜ ሁሉ፣ ደብዳቤው ይድረሰው አይድረሰው ሳታውቅ፣ ለባሏ ትጽፍ ነበር። ሕመሟን የተናገረች፣ ሐኪም የፈለገች፣ እርዳታም የተቀበለች ሴት ናት። ዝምታን እንደ ጀግንነት ማወደስ ራሱን የቻለ ሐሳብ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሷ ግን የእርሷ ያልሆነውን ማሸከም ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ ሊነሣ ሲገባው የተዘለለ ሌላ ሐዘን አለ። በ1844 ሄንሪ እና ኔኦሚ ሴገር የሚባሉ ባልና ሚስት ሰባት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ኦሪገን ሲጓዙ ሁለቱም በመንገድ ላይ ሞቱ። ሰባቱም የሙት ልጆች፣ ታናሽቱ በጉዞው ላይ የተወለደች ጨቅላ ሳለች፣ ወደ ዊትማኖች ቤት ገቡ። ቤቱ ቀድሞውንም የተራራ አዳኞቹን የጂም ብሪጀርንና የጆ ሚክን ሴቶች ልጆች ያሳድግ ነበር። ለሴገር ልጆች ማን ደብዳቤ ጻፈላቸው? እነርሱስ ለማን ይጽፉ ነበር? የያዛቸው የብዕር ሳይሆን የሚያጥብና የሚያጎርስ እጅ ነው። አንድ ልጇን የቀበረችው ናርሲሳ ያቺን የታመመች ጨቅላ ተቀብላ ነፍስ እንድትዘራ ማድረጓን ማንም ሊያስተባብልባት አይገባም።

አሁን ወደ አምስተኛውና ወደ ከባዱ ነጥብ ደርሻለሁ። ጸሐፊው ኖቬምበር 29 ቀን 1847 የሆነውን ሲተርኩ፣ ካዩሶች ውለታ ቢሶች ሆነው በድንገት እንደ ተነሡ፣ ደብዳቤዎቹም ምንም ፍንጭ እንዳልነበራቸው ይናገራሉ። ፍንጩ ግን ከዐሥር ዓመት በፊት ተጽፎ ነበር። ናርሲሳ በሜይ 1837 ለቤተሰቧ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ኡምቲፔ የሚባለው የካዩስ አለቃ ሚስቱ ታማ ሳለ፣ በዚህች ሌሊት ብትሞት እገድልሃለሁ ብሎ ባሏን እንዳስፈራራው ነግራቸዋለች። በዚያው ደብዳቤ አንድ ሌላ አለቃ ሲሞት ያከመው የአገሩ መድኃኒተኛ በጥይት መገደሉን ጽፋለች። በዚያ ሕዝብ ዘንድ በሽተኛው የሞተበት ባለ መድኃኒት ሕይወቱ በሟቹ ዘመዶች እጅ ሊወድቅ ይችል ነበር፤ የሐኪሙ ሚስትም ይህን ገና በመጀመሪያው ዓመቷ አውቃዋለች።

ከዚያ በኋላ ያለው አንዱ በሌላው ላይ የተከመረ ነው። በ1843 ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰፋሪዎች በዚያ በኩል አለፉ፤ በየዓመቱም ቁጥራቸው ጨመረ፤ በ1847 በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ካዩሶች ምድራችን ሊወሰድ ነው ብለው መስጋታቸው ትክክል ነበር። ቀደም ሲል በሚሲዮኑ ሐብሐብ እንዳይሰረቅ የሚያስመልስ መድኃኒት ተጨምሮበት፣ ለተኩላም የተመረዘ ሥጋ ተጥሎ፣ ሰዎች በዚያ መታመማቸው የመርዝን ጥርጣሬ በልባቸው ተክሏል። በ1847 መጸው ኩፍኝ ገባ። በታሪክ ጸሐፊዎች ግምት ከካዩስ ሕዝብ ግማሽ ያህሉን ፈጀ፤ ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት እጅግ ብዙ ነበሩ። ማርከስ ዊትማን ሁለቱንም ወገን ያክም ነበር፤ በሽታውን ቀድሞ የሚያውቀው የነጮች ወገን አብዛኛው ሲድን፣ የማያውቀው የካዩስ ልጅ በዚያው ሐኪም እጅ ይሞታል። ልጆቹን እያከታተለ የሚቀብር አባት ይህንን ሲያይ ምን ብሎ ይፍታው?

ይህን የምጽፈው ግድያውን ለማጽደቅ አይደለም። ማርከስና ናርሲሳን ጨምሮ ዐሥራ ሦስት ያህል ሰዎች በግፍ ሞተዋል፤ ወላጆቻቸውን በመንገድ የቀበሩት ሁለቱ የሴገር ወንድሞች ጆን እና ፍራንሲስ ከሟቾቹ መካከል ናቸው። ሃምሳ ያህል ሴቶች፣ ሕፃናትና ወንዶች፣ የሃድሰንስ ቤይ ኩባንያው ፒተር ስኪን ኦግደን በብርድ ልብስ፣ በሸሚዝ፣ በጠመንጃና በትንባሆ እስኪዋጃቸው ድረስ አንድ ወር ያህል በምርኮ ቆይተዋል። በዚያ መካከል የስድስት ዓመቷ ሉዊዝ ሴገርና የጆ ሚክ ልጅ ሄለን ማር በኩፍኝ ሞቱ። በሽታው ማንንም አልመረጠም ነበር።

እኔ የምቃወመው፣ ስለ ሐዘን የተጻፈ ጽሑፍ ሐዘንተኞቹን በብዕር መለካቱን ነው። የካዩስ እናቶች ደብዳቤ አልጻፉም። የቀበሯቸውን ልጆች ስም፣ የመጨረሻ ቃላቸውን፣ በእጃቸው የያዙትን ዕቃ የሚነግረን ወረቀት የለም። ስለ እነርሱ የምናውቀውን የነገሩን ሌሎች ናቸው፤ ከእነዚያም አንዳንዶቹ ይፈሯቸው፣ አንዳንዶቹ ይንቋቸው ነበር። ጸሐፊው ደብዳቤውን የሐዘን ብቸኛ መዝገብ ካደረጉ በኋላ፣ በመዝገቡ ያልሰፈሩትን ያላዘኑ አድርገው ቆጠሩአቸው። በግድያው ተከሰው በ1850 ኦሪገን ሲቲ ላይ ከተሰቀሉት አምስት የካዩስ ሰዎች አንዱ የሆነው ቲሎካይክት፣ ያቺን ሕፃን በልደቷ ሰሞን የካዩስ ልጅ ያላት ሰው ነው። ፍርዱን ያስፈጸመው የሕግ አስከባሪ ጆ ሚክ ደግሞ ልጁን በዋይላትፑ ያጣ አባት ነው። ከስቅላቱ አደባባይ በሁለቱም ወገን ሐዘን ቆሞ ነበር፤ ጽሑፉ ግን አንዱን ብቻ አየ።

የናርሲሳ ወላጆችም የልጃቸውን መርዶ የሰሙት ዘግይተው ነው። ሄንሪ ስፖልዲንግ ዝርዝሩን የጻፈላቸው በኤፕሪል 1848፣ ከሞተች ከአራት ወር በላይ ቆይቶ ነበር፤ ወረቀቱም ከዚያ ገና ረጅሙን መንገድ መጀመሩ ነው። ደብዳቤ ሐዘንን ያካፍል ነበር የሚለው ሐሳብ በዚህ ቤተሰብ ላይ ከመነሻው እስከ መድረሻው አይሠራም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን እንደገና የማውጣት ሐሳብ ካላቸው፣ በየደብዳቤው አጠገብ የተጻፈበትንና ሊደርስ የሚችልበትን ጊዜ ጎን ለጎን እንዲያኖሩ፣ የጆሴፍና የማሪያ ማኪን እንዲሁም የሴገር ልጆችን ነገር እንዲጨምሩ፣ «ሰው የሌለበት ምድር» የሚለውን ሐረግ እንዲያወጡ፣ የ1837ቱን የሜይ ደብዳቤ ደግሞ ስለ 1847 ከመናገራቸው በፊት እንዲያስቀድሙት በአክብሮት እጠይቃለሁ።